በፈርሂያ ስልክ የሚጠሩ ሴቶች

ጅጅጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ሀብተየስ
አፍደም

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ለእናቴ ለወይዘሮ ወለተሐና ይድረስ፤ ብርድ ሲገባ የሚነሣባቸው የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ራራላቸው? ለአጎቴ ለአቶ ወልደሩፋኤል፣ ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ ማንበብ መጀመራቸውን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛልና ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ለታናሽ ወንድሜ ለማቲ፣ ብስክሌቴን እንዳይሰብር ከማሳሰብ ጋር። ለእኅቴ ለሶሲና፣ በአካል መጥቼ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሳልላት መቅረቴን ይቅር ትበለኝ። ገና በዓይኔ ላላየኋት ለልጅዎ ለናዝሬትም፣ አጎት እንዳላት ጆሮዋ ላይ ይንገሩልኝ። በመጨረሻ ለእርስዎ ሰላም እላለሁ። የእርስዎን ሰላምታ ከሁሉ በኋላ ያኖርሁት ረስቼ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው።

በሾፌሩ በትግሉ እጅ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። አራሷ ከአጠገብዎ ስለማትለይ ይህን ጉዳይ በስልክ እንዳላነሣ፣ በወረቀት ብቻ እንድጽፍልዎ ማዘዝዎን ተቀብያለሁ። ማን ፈቅዶልህ አውበሬ ሄድህ ላሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ማንም አልፈቀደልኝም። የፈረምሁበት ወረቀት ነው የወሰደኝ።

ሶሲና በእናቷ ቤት እንድትወልድ ይዘዋት ወደ አፍደም ሲሄዱ ቢሮውንና እርስዎ የጻፉትን የክሊኒክ መልእክት መላኪያ ፕሮግራም ለእኔ ትተውልኝ ነበር። የአውበሬው ክሊኒክ ኃላፊ ደውሎ ለሳጋልና ለሳሚያ የታዘዙት መልእክቶች ስለ መድረሳቸው በጽሑፍ አረጋግጡልኝ ባለ ጊዜ እርስዎን ጠየቅሁ። «ሲስተሙ ምን ይላል?» አሉኝ። ሁለቱንም «ደርሷል» ይላል አልሁ። «እንግዲያው ጻፍለት፤ ማኅተም ምታበት» አሉኝ። ጻፍሁ፤ መታሁ። ለምን እንደተፈለገ እኔ አልጠየቅሁም፤ እርስዎም አልነገሩኝም።

አሁን ልንገርዎ። ሳጋል እርጉዝ ነበረች። ክሊኒኩ ደሟን መርምሮ ሳትውል ሳታድር ተመልሳ እንድትመጣ መልእክት አዘዘላት። በዚያው ቀን፣ እርሷም እርጉዝ ለሆነችው ለሳሚያ ተመሳሳይ መልእክት ታዘዘ። ሁለቱም የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ሲመዘገቡ የሰጡት የፈርሂያን ቁጥር ነው። ፈርሂያ በገበያው መግቢያ ሩዝና ሳሙና የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ከብቶቻቸውን ይዘው ወጣ ገባ የሚሉ ቤተሰቦች ሐኪም ቤት ሲሄዱ የእርሷን ቁጥር ይሰጣሉ። መልእክት ሲገባላት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጋ ትልካለች፤ ካጣችም ሱቋን ዘግታ ራሷ ትሄዳለች። ሥራዋ ሆኖ አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ነው።

ሳሚያ ተነግሯት ሄደች፤ ታከመች። ሳጋል አልተነገራትም። ብዙም ሳይቆይ ደም እየፈሰሳት በመኪና ተጭና ወደ ጅጅጋ መጣች። እርሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም።

ሳሚያ የፈርሂያ የወንድም ልጅ ናት። የሳጋል ባል ዋሪስ በአውበሬ ገበያ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «የወንድሟን ልጅ ጠራች፤ የእኔን ሚስት ደበቀች።» ይህንንም ሲናገር የሚያሳየው ከክሊኒኩ የተሰጠውን የእኔ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ነው።

ከአውበሬ እንደተመለስሁ ፕሮግራሙን ከፍቼ አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት፤ ተሳስቼ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። ፕሮግራሙ ድግግሞሽ ለመከልከል ከስልክ ቁጥሩ፣ ከመልእክቱ ዓይነትና ከቀኑ አንድ ቁልፍ ይሠራል። በዚያ ቁልፍ አንድ መልእክት ወጥቶ ከሆነ ሁለተኛውን ይጥለዋል፤ ጥሎም አይተወውም፤ የመጀመሪያውን ውጤት ገልብጦ «ደርሷል» ብሎ ይመዘግብለታል። የሳሚያ መልእክት ቀደመ። የሳጋል መልእክት ከቢሯችን አልወጣም።

የአውበሬ ሽማግሌዎች ኅዳር 16 ቀን ከዓርብ ሶላት በኋላ ለጉዳዩ ይቀመጣሉ። ይህ ስሕተት የፕሮግራሙ መሆኑን፣ ፈርሂያም መልእክቱ እንዳልደረሳት በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመው በትግሉ በኩል ይላኩልኝ። ጻፍ ያሉኝን ጽፌያለሁ፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

መልአክ


አፍደም፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመልአክ
ጅጅጋ

እናትህ በመልካም ጤንነት ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ዘንድሮ አልከፋም። አጎትህ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ቤቱን አላስተኛ ብለዋል። ማቲ ብስክሌቱን ሰብሯል። ሶሲና በርትታለች፤ ናዝሬትም ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ሌላ አሳብ የላትም። ሰላምታህን ለሁሉም አድርሻለሁ። ደብዳቤህን ግን ለማንም አላሳየሁም፤ ወደፊትም አላሳይም።

ቁጣህን በወጣትነትህ አልፌዋለሁ። አንድ ነገር ግን እንድትረዳ እፈልጋለሁ። ያንን ቁልፍ ያበጀሁት በስንፍና አይደለም። ፕሮግራማችን ከመልእክት አስተላላፊው ድርጅት ጋር የሚነጋገርበት በር፣ እናንተ ኤፒአይ የምትሉት፣ አንዳንድ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። አንተ ከመቀጠርህ በፊት፣ መልስ በዘገየ ቁጥር ፕሮግራሙ አልሄደም ብሎ ደግሞ ይልክ ነበር። አንዲት እናት የልጇን የክትባት ቀጠሮ ከጧት ጀምሮ ስልኳ እየጮኸ ስትቀበል ውላ፣ ልጄ ምን ቢገኝበት ነው እያለች ነጠላዋን ሳታስተካክል ክሊኒክ ገባች። ኃላፊው በሰው ፊት አዋረደኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትቀመጥ፣ መልስ አለመምጣት አለመድረስ እንዳልሆነ አላስተማሩህም? እኔ በውርደት ተማርሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም መልእክት በዛብኝ ብሎ አልከሰሰንም።

አሁን ወደ ጉዳያችን ልምጣ። ለክሊኒኩ እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ በዕለቱ በመልእክት አስተላላፊው ድርጅት መሥመር ላይ መቆራረጥ ነበረ፣ የእኛ ቢሮ የሚመዘግበው ድርጅቱ የነገረውን ብቻ ነው። አውበሬ ሆኖ ድርጅቱን ሄዶ የሚጠይቅ ሰው የለም። ባለሱቋን በተመለከተ፣ ሽማግሌዎቹ የአገሩን ሰው ያውቁታል፤ ይቅር ተባባሉ ብለው ያስማሟቸዋል። እኛ የማናውቀው ነገር ውስጥ አንግባ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ መሆኑንም አትርሳ። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም። እኔ የምጽፈው ወረቀት አንተን ከመጉዳት በቀር አይጠቅምህም ለማለት ነው።

ልብስህን ደርብ፤ ጅጅጋ በዚህ ወር ነፋሷ ክፉ ነው።

ሀብተየስ


ጅጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአቶ ሀብተየስ
አፍደም

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታ ይድረስ። ስማቸውን በየተራ የማልጠራው አክብሮቴ ጎድሎ አይደለም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ስማቸው እንዳይነካካ ነው።

ለነፋሱ ስለ ማሰብዎ አመሰግናለሁ።

ድርጅቱን እንድወነጅል መክረውኛል። የመልእክት አስተላላፊው ድርጅት ለሚቀበለው መልእክት ሁሉ የራሱን መለያ ቁጥር እንደሚሰጥ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። የሳሚያ መልእክት መለያ አለው። በመዝገቡ በሳጋል ረድፍ ላይ የሰፈረው መለያም ያው የሳሚያ ነው። ድርጅቱ ያልተሰጠውን መልእክት አላደረሰም፤ በዚህ የሚወቀስ ድርጅት የለም። ይህን መለያ እርስዎም አይተውታል ብዬ አምናለሁ፤ ደብዳቤዎ አንድም ቦታ «አላየሁም» አይልምና።

ስለ ቁልፉ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። መልስ ሲዘገይ ደግሞ መሞከር ተገቢ ነው፤ ፋታ እየሰጡ፣ ከቀደመው ይልቅ ጥቂት እየቆዩ መሞከር። ሲደጋገምም ያቺ እናት እንዳትሸበር ቁልፍ ማበጀት ተገቢ ነው። የጠየቅሁት ግን ቁልፍ ለምን ሠሩ ብዬ አይደለም፤ ከምን ሠሩት ብዬ ነው። ቁልፉ መወለድ የነበረበት ከትእዛዙ ነው። ክሊኒኩ እያንዳንዱን መልእክት ሲያዝ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል። አንዱ ትእዛዝ የቱንም ያህል ጊዜ ቢሞከር አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ትእዛዞችም በአንድ ስልክ ቢያልፉ ሁለት ሆነው ይቀራሉ። እርስዎ ግን ከስልክ ቁጥሩ ሠሩት። አንድ ስልክ አንድ ሰው ነው ብለው አመኑ። ይህን አንድ የአዲስ አበባ ሰው ቢያምነው አልፈርድበትም። እርስዎ አፍደም ተወልደው፣ እናቴን በጣቢያው ሻይ ቤት ስልክ እያስጠሩ እኅቴን ለትዳር የጠየቁ ሰው፣ ይህን እንዴት ረሱት?

ሌላም አለ። ድርጅቱ «ተቀብያለሁ» ሲለን እኛ «ደርሷል» ብለን እንጽፋለን። እርሱ የተቀበለው ለማድረስ ነው፤ ስለ መድረሱ ኋላ የሚልከውን ማረጋገጫ የእርስዎ ፕሮግራም ሳይጠብቅ ይዘጋል። «አይታወቅም» የሚል ቃል በመላው ሥራዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የማያውቁትን አላውቅም እንዲል ቢያስተምሩት ኖሮ እኔም ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም ነበር።

ለመሆኑ ሴትዮዋን አግኝተሃታል ወይ ብለው በትግሉ በኩል ጠይቀውኛል። አዎን፣ ፈርሂያን ፕሮግራሙን ከማንበቤ በፊት አውበሬ በሄድሁ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ሰው የማይለየው የነበረ ሱቅ ባዶ ነበር። ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ዋርያ፣ የኮምፒውተሩ ሰውዬ አንተ ነህ?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«ቁጭ በል። ለእንግድነት አይደለም። ቆመህ ስትዋሽ እግርህ እንዳይደክም ብዬ ነው።»

ተቀመጥሁ። ስልኳን ከፍታ ፊቴ አኖረችው። «ፈልግ። የሳጋልን ስም ካገኘህ ሱቁን ከነሚዛኑ ውሰድ» አለችኝ። የሳሚያ መልእክት ነበረ። የሳጋል አልነበረም። ያን ጊዜ፣ እስከ ዛሬ በማፍርበት አፌ፣ አጥፍተሽው ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት።

«እዚህ ላይ የሎተሪ ማስታወቂያ አለ፤ የማላውቀው ሰው ልደት አለ፤ ስልክህን በካርድ ሙላ የሚል አለ። ይህን ሁሉ ሳላጠፋ የሰው ሚስት የተጠራችበትን ለይቼ አጠፋለሁ? ሞኝ ነህ ወይስ የተላክህ ነህ?»

ሁለቱንም ነበርሁ። ዋሪስ በበሩ ሲያልፍ ድምፄን ሰምቶ ቆመ፤ ወደ እርሷ ሳያይ ለእኔ «ሂድ ወንድሜ፣ ከእርሷ ጋር አትድከም። ወረቀትህ ማኅተም አለው፤ ይበቃናል» አለኝ። አመሰገነኝ፣ አቶ ሀብተየስ። ልጁን የቀበረ ሰው ስለ ውሸቴ አመሰገነኝ።

ሽማግሌ ያስማማቸዋል ብለው ጽፈዋል። ሽማግሌ የሚያስማማው ተበዳይና በዳይ ሲኖሩ ነው። ፈርሂያ በዳይ ሆና ይቅር እንድትባል አይደለም የጠየቅሁዎት። የተባለውን ነገር ጭራሽ እንዳላደረገች እንዲነገርላት ነው።

ፊርማው ያንተ ነው ላሉኝ፣ አዎን፣ የእኔ ነው። ሥራዬን ማጣት እፈራለሁ፤ ፖሊስ እፈራለሁ፤ ዋሪስን እፈራለሁ፤ እርስዎንም እፈራለሁ። ይህን ሁሉ እየፈራሁ ነው የምጽፍልዎ። ወረቀቱን ከዓርብ በፊት ይላኩልኝ።

መልአክ


አፍደም፣ ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመልአክ

በስሜ ላይ «አቶ» ጨምረህ ስትጽፍልኝ የመጀመሪያህ ነው። አይቼዋለሁ።

ያ ትግሉ የሚሉት ሰው ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ግቢው መሐል ቆሞ፣ በአጎትህ ፊት፣ «የዚያ የሞተው ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?» አለኝ። የጅጅጋ መናኸሪያ ሁሉ ሰምቶታል። ሶሲና ከውስጥ ሆና ሰማች። የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የደንበኛ ነው አልኋት። የደንበኛ ልጅ በምን ሞተ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ሕፃኗን አቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እናትህ ምግብ ያቀርቡልኛል፤ ብላ አይሉኝም። የፈለግኸው ይህ ከሆነ ሆኖልሃል።

የጠየቅኸውን ወረቀት በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ። የምችለውን ጽፌያለሁ፤ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት አንዳንድ መልእክቶች ሊዘገዩ ወይም ላይደርሱ እንደሚችሉ ቢሯችን ይገልጻል» ይላል። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨምርም። ለሽማግሌዎቹ እንዳለ አንብብላቸው። አታብራራ፣ ስለ ቁልፍ አታውራ፣ ስሜን አታንሣ።

ስለ ባቢሌው ክሊኒክም በማንም ፊት እንዳትናገር አጥብቄ አሳስብሃለሁ። እዚያ ያለው ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አንተን አይመለከትም።

ሀብተየስ


ጅጅጋ፣ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ወለተሐና፣ ለአጎቴ ለአቶ ወልደሩፋኤል፣ ለእኅቴ ለሶሲና፣ ለወንድሜ ለማቲና ለትንሿ ናዝሬት፤ እንዲሁም ለአቶ ሀብተየስ
አፍደም

ሰላምታዬ ለሁላችሁም እኩል ይድረስ። ይህን ደብዳቤ አጎቴ ጮክ ብለው እንዲያነቡት እለምናለሁ። በሹክሹክታ የምንጻጻፈው ነገር እዚህ ላይ አብቅቷል። እኅቴ ሆይ፣ በአራስ ቤትሽ ይህን መርዶ ስለማስገባቴ ይቅር በይኝ። ከሌላ ሰው አፍ ተቆራርጦ ከሚደርስሽ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

አቶ ሀብተየስ፣ ወረቀትዎን ለሽማግሌዎቹ አነበብህላቸው ወይ ብለው ማክሰኞ ሾፌሩን ልከውብኛል፤ አላነበብሁላቸውም። ይዤው ሄጄ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ተመለሰ። «ሊዘገዩ ወይም ላይደርሱ» የሚል ወረቀት ፈርሂያን ነጻ አያወጣትም፤ ጥርጣሬውን ለሁሉም እኩል ያካፍላል እንጂ።

በአደር ዐብዲሰላም ግቢ ተቀመጡ። አደር ማለት አጎት ነው፤ አውበሬ ሁሉ እንዲያ ይላቸዋል። ወረቀቴን ከዋሪስ ተቀብለው ለእኔ አሳዩኝ።

«ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማኅተሙስ?»

«የቢሯችን ነው። እውነቱ ግን የሳጋል መልእክት አልተላከም። ፈርሂያ ያልገባላትን መልእክት ልትደብቅ አትችልም።»

«ታዲያ ይህን ስትጽፍ ማን ነገረህ?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑንስ ማን አስተማረው?»

ስምዎን ጠራሁ። የእኅቴ ባል ነው አልሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «አማቹን በሽማግሌ ፊት የሚከስስ ሰው ዛሬ አየሁ፤ ይህን ልጅ ማን ይድረዋል?» አሉና ሰዎች ሳቁ። አደር ዐብዲሰላም አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ቁልፉ እንዴት እንደተሠራ፣ የትኛው መልእክት እንደቀደመ፣ የትኛው እንደወደቀ አስረዳኋቸው። ስጨርስ «ሁለት ግመሎች በአንድ ገመድ ስለ መጡ አንዱን ቆጥሮ ሌላውን በረሃ ተወው ነው የምትለን?» አሉኝ። እንደዚያ ነው አልሁ።

ዋሪስ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። «ውሰደው፤ ቤቴ አይደር» አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ በሁሉም ፊት ፈርሂያን ይቅርታ ጠየቃት። ለእኔ ሌላ ቃል አልተናገረኝም፤ የሚገባኝም ያው ነው።

ፕሮግራሙን አስተካክየዋለሁ። ቁልፉ ከትእዛዙ ይወለዳል፤ ያልተረጋገጠው «አይታወቅም» ተብሎ ይመዘገባል፤ እንዲህ ሆኖ የቆየ መልእክት ካለም ለክሊኒኩ ሠራተኛ ስሙን አውጥቶ ያሳያል። ይህንን ልነግራት ወደ ፈርሂያ ሱቅ ሄድሁ። እንደምትደሰት ገምቼ ነበር። ስልኳ በመደርደሪያው ላይ አልነበረም።

«ቁጥሩን ዘግቼዋለሁ» አለችኝ። «ስሜን መልሰህልኛል፤ አላህ ይስጥህ። የሰው መልእክት ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ዛሬ አንተ መጣህ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ወረቀት ብቻ ቢሆንስ?»

እንግዲህ በአውበሬ የቆመው ነገር ይህ ነው፤ ፕሮግራሙ አሁን ትክክል ነው፤ በእርሷ ቁጥር የተመዘገቡትን ሴቶች ግን የሚጠራበት ቁጥር የለውም። ክሊኒኩ ከሥራ አሰናብቶናል፤ በዚህ አልከራከርም።

አቶ ሀብተየስ፣ ስለ ባቢሌ እንዳልናገር አሳስበውኛል። እርስዎ እስኪከለክሉኝ ድረስ ባቢሌ ያው ፕሮግራም መኖሩን አላውቅም ነበር። ትናንት ሄጄ ለክሊኒኩ ነገርኋቸው። መልእክቱን አቁመው ሴቶቹን በሰው ማስጠራት ይፈልጋሉ፤ ግን የትኞቹ ሳይጠሩ እንደቀሩ አያውቁም፤ መዝገቡ ሁሉንም «ደርሷል» ይላል። የወደቁትን ለይቶ ማውጣት የሚቻለው ወደ ሰርቨሩ በሚያስገባው የይለፍ ቃል ነው፤ እርሱን የያዙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከትናንት ጀምሮ እደውላለሁ፤ ስልክዎ ዝግ ነው። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ዛሬ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ደኅና ነኝ ብላ ገበያ የወጣች ትኖራለች።

ስለ በደልዎ አንድ ቃል አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታም አልፈልግም። የይለፍ ቃሉን ጽፈው ይላኩልኝ። ትግሉ ይህን አድርሶ አይመለስም፤ መልስዎን እስኪቀበል ከበራችሁ እንዳይንቀሳቀስ ነግሬዋለሁ። የማይሰጡኝ ከሆነም አልሰጥም ብለው፣ ይህን ሁሉ በሰሙት በእኅቴና በእናቴ ፊት ይጻፉት። በዚሁ መኪና መልስ እፈልጋለሁ።

መልአክ